የላቨርን ደብተር

ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩና፣
ቁጥሩን ከኔ ስሙት፣ ወሬውን ተዉና።

ኦርቪል ኬሰኒክ ነው፣ የጋራዥ በር ሻጩ፤
በዊስኮንሲን ብርድ በር ነው የሀብት ምንጩ፤
ቁልፍ ሲነኩት ብቻ ሽቅብ የሚታጠፈው፣
በየሰዉ ቤት ደጃፍ ስሙ የተለጠፈው።

መጋቢት ላይ መጣ፣ በረዶ አራግፎ፣
ወንበር ሳይስብ ገና፣ በሩን ተደግፎ፦
«ለሴኔት ምርጫ ልቆም ነው ዘንድሮ፤
አልወድም ልመና፣ እጅ መዘርጋት ኑሮ።
የራሴን ከረጢት ፍቺልኝ፣ አደራ፤
ከሰው ሳንቲም አልሻም፣ ሙሉ ነው ጎተራ።»

ፈታሁት። ሥራዬ ነው። ነገሩ አልከፋኝም።
በሳምንቱ ወጣ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
በየስልክ እንጨቱ፦ «ማንም አልገዛኝም»።

ሚያዝያ ላይ ለቴሌቪዥን ሦስት መቶ ሺህ ወጣ፤
ሰኔ ላይ ለአማካሪ፣ ከቺካጎ ለመጣ፣
የላም ሽታ ጠልቶ መስኮት ዘግቶ ለሚቆጣ፤
ለኪራይ ትራክተር፣ ፎቶ ለሚነሣበት፤
ለጭቃም ከፍለናል (ደረሰኙ አለኝ)፣
አዲስ ቡትስ ጫማውን ለሚለቀልቅበት።
ነሐሴ ላይ ስሙን ከቤዝቦል ሜዳው አጥር፣
ከወተት ካርቶን ላይ፣ ከአውሮፕላን ጅራት
አነበብነው ሁላችን፣ ቀና ባልን ቁጥር።

ዊልማ ትራንድስታድ ናት፣ ባላንጣው የሆነች፤
ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳች፤
የልጁን ስም የምታውቅ፣ የሚወርድበትን በር፣
ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚሳፈር።
ዘመቻዋ በፖስታ፣ በብስኩት ቆርቆሮ፤
አሥር ዶላር ከቢንጎ፣ አምስት ከሸጡት ዶሮ።

መስከረም፣ ዐርብ ማታ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣
ዓሣ እየተጠበሰ፣ ዘይቱ ሲንቸሰቸስ፣
ኦርቪል ተነሣና «የማንም ዕዳ የለብኝ» ሲል፣
አሮጊቷ ኢኔዝ ስዎቦዳ፣ ሹካዋን ሳትለቅ፣
ከኋላ ወንበር ሆና፦
«በዊልማ ላይ አለኝ አሥር ዶላር ዕዳ፤
ብደውል ታነሣለች፣ ሌትም ሆነ ማለዳ።
አንተን ማንም ካልገዛህ፣ ደግ አረግህ ወንድሜ፤
ልትገዛን ስትመጣ ግን፣ ስንት ቆረጥክ በስሜ?»

ሳቁ ጣሪያ ነካ። እሱም አብሮ ሳቀ።
ከሸሚዙ በላይ ግን አንገቱ ቀልቶ ደመቀ።

እኔን ግን ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰካብኝ፤
የሒሳብ ሰው ክፉ ዕዳው፣ ሳይዘጋ አይተኛም፤
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ስንት ሌሊት ነጋብኝ።
መልሱም ቸኩሎ አልመጣ፣ ኅዳርን ጠበቀ።

የምርጫው ሌት፣ ሆቴል። ፊኛው በመረብ ታስሮ
ከጣሪያው ተሰቅሏል፣ በድል ሊወርድ ኖሮ።
ዊልማ አሥራ ዘጠኝ ሺህ፣ ትርፉን ሳንቆጥረው።
እኛ ስምንት ሺህ ከአራት መቶ ሠላሳ።
ወጪያችን፦ ለሦስት ሚሊዮን ጥቂት የቀረው።

ሰዉ ኮቱን ደርቦ በጓሮ በር ሲወጣ፣
ያልተነካ ኬክ መሐል፣ ኦርቪል ወደኔ መጣ።
«ስንት ሆነ?» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ አወቅኩ።
«ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ» አልኩ።
ዝም አለ። የበር ሰው ነው፤ ዋጋ አይጠፋውም።
«ያንድ ሞተር ዋጋ» አለ፣ «ያውም ከነመግጠሚያው።»

የሆቴሉ ሠራተኛ መሰላል ይዞ ቆሟል፦
«ፊኛው ካልወረደ፣ ጌታው፣ ሌላ ሒሳብ ይታከላል።»
ኪሱን ዳበሰ። አርባ ዶላር። እኔም ጻፍኩት፤
በመጨረሻው ገጽ፣ በመጨረሻው መስመር።

ሃያ ዓመት ደመወዜን አንድ ቀን ሳያሳልፍ
የከፈለኝ ሰው ነው፣ ሐሰት አልናገርም።
ድምፅሽን ለማን ሰጠሽ ብሎ አልጠየቀኝም።
ቢጠይቀኝ፣ መልሱ ከጀርባው ነበር፣
ግድግዳው ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም።